ስትሪሚንግ ምንድን ነው?

ስልካችሁ ላይ አንድ ፊልም ተጫናችሁ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆየና ጀመረ። ፊልሙ ግን ስልካችሁ ውስጥ የለም። መጨረሻው ገና አልደረሰም፤ ያያችሁትም ክፍል ከኋላ ከኋላ እየተጠረገ ነው። ስትሪሚንግ ማለት ይኸው ነው። ቃሉ የመጣው በእንግሊዝኛ ጅረት ከሚለው ነው። ዳውንሎድ ማድረግ እንስራውን ሞልቶ ቤት መግባት ከሆነ፣ ስትሪሚንግ ጅረቱ ዳር ቁጭ ብሎ በእፍኝ እየጨለፉ መጠጣት ነው።

ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እስቲ እናስላው። ፉል ኤችዲ የምንለው ምስል 1920 በ1080 ነጥቦች አሉት፤ ሁለት ሚሊዮን ገደማ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀለሙ 3 ባይት ቢወስድ፣ አንድ ምስል ብቻውን 6 ሜጋባይት ያልፋል። በሰከንድ 25 ምስል ከታየ፣ የአንድ ሰዓት ፊልም ከ550 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። ይህን የሚሸከም የቤት ኢንተርኔት ብርቅ ነው።

ስለዚህ ይጨመቃል። ዘዴው ደስ ይላል። ዜና አንባቢዋ ስታወራ ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ አይንቀሳቀስም። ታዲያ ግድግዳውን በሰከንድ 25 ጊዜ መላክ ምን ይሠራል? አንዴ ሙሉው ምስል ይላካል፤ ከዚያ በኋላ የሚላከው የተለወጠው ብቻ ነው፤ ከንፈሯ፣ ዓይኗ፣ እጇ። እንዲህ እየተባለ ያ ሁሉ ጊጋባይት ሁለት ሦስት ላይ ይወርዳል። ኃይለኛ ዝናብ ወይም የሚበተን ወረቀት ሲመጣ ምስሉ የሚሰባበረውም ለዚሁ ነው። ያኔ ሁሉም ነገር ተለውጧል፣ የሚቆጠብ የለም።

የተጨመቀው ፊልም ደግሞ ይቆራረጣል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ዘዴ ዛሬ የሚመከረው ቁራጭ 6 ሰከንድ ያህል ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ ጥራት ተዘጋጅቶ ሰርቨር በሚባለው፣ ፊልሙን በሚልከው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ስልካችሁ የፊተኛው ቁራጭ በስንት ጊዜ እንደደረሰ እያየ ቀጣዩን ይመርጣል። ኔትወርኩ ሲደክም ቀጭኑን፣ ሲበረታ ወፍራሙን። ምስሉ በድንገት ደብዝዞ እንደገና የሚጠራው ተበላሽቶ አይደለም፤ ስልኩ እንዳይቆም ብሎ ነው። ከዚህ ሌላ ጥቂት ቁራጮችን ቀድሞ ይሰንቃል። ስንቁ ሲያልቅ ያቺ የምታናድደው ክብ መሽከርከር ትጀምራለች።

ቀጥታ ስርጭት ላይም ስንቁ ዋጋ ያስከፍላል። ኳስ በኢንተርኔት ስታዩ፣ በሳተላይት የሚያየው ጎረቤት ጎሉን ከእናንተ ቀድሞ ይጮኸዋል። እናንተ ጋ ተጫዋቹ ገና ኳሷን እያስተካከለ ነው።

ሙዚቃ በኢንተርኔት በቀጥታ ማስተላለፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሲቪየር ታየር ዳሜጅ የተባለ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ያሉበት ባንድ ካሊፎርኒያ ላይ ሲጫወት በኔትወርክ አውስትራሊያ ድረስ ታየ። ከዚያ ዩቲዩብ በ2005 መጣ፤ ዲቪዲ በፖስታ ሲያከራይ የነበረው ኔትፍሊክስ በ2007 ፊልሞቹን በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ፤ ሙዚቃ የሚያሰማው ስፖቲፋይ በ2008 ተከተለ።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ ግን ቆጠራው ላይ ነው። ሲዲ የገዛ ሰው አንዴ ከፍሏል፤ ሰማው አልሰማው ለዘፋኙ ለውጥ የለውም። አሁን እያንዳንዷ መስማት ትቆጠራለች። ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ተደመጠ የሚባለው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። በ29ኛው ሰከንድ ካለፋችሁት፣ እንዳልሰማችሁት ነው። እና ዘፋኙ ምን ያድርግ? አዝማቹን ወደ ፊት ያመጣል። የዘፈን መግቢያ ማጠር የጀመረው ከስትሪሚንግ በፊት ነው፤ ነገሩን ሁሉ በእሱ ማሳበብ አይገባም። ቢሆንም ለብቻው ሁለት ደቂቃ የሚያለቅስ ሳክስፎን ዛሬ ድፍረት ይጠይቃል። እኔን ይናፍቀኛል። ሦስት ደቂቃ ያለው ዘፈንና ሰባት ደቂቃ ያለው ዘፈን እኩል አንድ ተብለው ሲቆጠሩ፣ ረጅም ለመሥራት የሚያበረታታ ነገር የለም።

ተከታታይ ፊልም ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2013 ሀውስ ኦፍ ካርድስ የተባለውን ድራማ 13ቱንም ክፍል በአንድ ቀን ለቀቀው። ሳምንት መጠበቅ ቀረ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማየት መጣ። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ቀጣዩ ራሱ ይጀምራል፤ እንቅልፍ የሚጠይቅ ሰው የለም።

አፖቹ ውስጥ ያለው የዳውንሎድ ቁልፍስ? እሱን ሲጫኑ የሚወርደው ነገር የተቆለፈ ነው። ከአፑ ውጭ አይከፈትም፣ ለሌላ ሰውም አይላክም። ስፖቲፋይ ላይ ያወረዳችኋቸው ዘፈኖች እንዳይጠፉ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ላይ መግባት አለባችሁ። ወርሃዊውን ክፍያ ስታቆሙ የወረዱት ዘፈኖች ስልካችሁ ላይ እያሉም አይከፈቱም።