ሰው የለኝም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ መፃጉዕ፣ ጌታ ስለ ፈወሰው ድውይ፣ ልጽፍ አስቤ ሳላስበው ስለ ቆሼ መጻፍ ጀመርኩ። ለእኔ ሁለቱ ከተጋመዱ ቆይተዋል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ሥሩ ባሉት ቤቶች ላይ ወደቀ። በማግሥቱ ቅዳሴ ስገባ ወሬው ግቢውን ሞልቶታል። አንዱ አምስት ሰው ይላል፣ ሌላው ሃያ። የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ ነው፣ መፃጉዕ። ወንጌሉ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ተነበበ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ድውይ «ጌታ ሆይ፥ ውኃው በተናወጠ ጊዜ በመጠመቂያይቱ ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» ሲል ከጎኔ የቆሙ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እህታቸው እዚያ ሰፈር እንደምትኖር ያወቅሁት ከቅዳሴ በኋላ ነው።

ቆሼን ለማታውቁ፦ ረጲ ላይ፣ ከቀለበት መንገዱ ዳር፣ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ የተከመረበት ተራራ ነው። የቆሻሻ መጣያው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፣ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ሥሩ ሰው ይኖር ነበር። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ባዶ ሃይላንድ ለቅሞ ሸጦ ልጅ የሚያስተምር ሰው። እኔ ያደግሁት አየር ጤና ነው። በዚያ ስናልፍ ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ በአንድ ድምፅ «መስኮት ዝጉ!» ይላል። እኔም እላለሁ። ስንት ዓመት አልኩ? ብቻ ድውዩ ከተኛበት ሠላሳ ስምንት ዓመት ብዙም አይርቅም።

አሁን ልብ በሉ። ድውዩ ውኃ አላጣም። መጠመቂያይቱ አጠገቡ ናት። ውኃውን የሚያናውጠው መልአክም ይወርዳል። አምስቱ መመላለሻ በሰው ተሞልቷል፣ በበዓል ደግሞ ኢየሩሳሌም ውስጥ መተላለፊያ አይገኝም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ነው «ሰው የለኝም» ያለው። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ለራሳችን ብቸኝነት እንጠቅሰዋለን። በግድግዳ ጥቅስም አይቼዋለሁ። ያን እሑድ ግን ለእኔ የተጻፈ ክስ ሆኖ ተሰማኝ። የለም የተባለው ሰው እኔ ነበርኩ።

በቀጣዮቹ ቀናት ቁፋሮው ቀጠለ። ስካቫተሩ ሲቆም ሰዉ ፀጥ ይላል፤ የሆነ ነገር ተገኝቷል ማለት ነው። ከዚያ አንዲት ሴት ትጮኻለች። የሟቾቹ ቁጥር ከ110 አለፈ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ሕፃናትም አሉ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ባንዲራ ዝቅ አለ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። አንድ በጎልማሳነታቸው የማከብራቸው ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው እንጂ መሬት እንዲሁ ይናዳል?» አሉ። መልስ አልሰጠሁም። ጌታ ግን ቀድሞ መልሶታል፤ «በሰሊሆም ግንቡ የወደቀባቸውና የገደላቸው እነዚያ አሥራ ስምንቱ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች ይመስሉአችኋልን?» (ሉቃ. 13፥4) ይላል። ደግሞስ የወደቀባቸው ቆሻሻ የማን ነበር? የእኛ የጓዳ ጥራጊ አይደለም እንዴ?

ቀብር የሄድኩት ገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የታቦቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቆሞ ማልቀስ ብቻውን አይበቃውም። ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ነው። በሠርጉ ሌሊት ሁሉን ትቶ ወጣ፣ በኋላም ቁስለኛ ለማኝ ሆኖ ተመልሶ በአባቱ ደጅ ተኛ። አባቱ በየቀኑ ያልፈዋል፣ አያውቀውም። የቤቱ አገልጋዮች እጣቢ ይደፉበታል፣ ቁስሉን ውሾች ይልሱታል። ማንነቱ የታወቀው ከሞተ በኋላ፣ በእጁ ካለው ጽሑፍ ነው። ጥቅምት 14 በየዓመቱ ገድሉ ሲነበብ እናለቅሳለን፣ ለአገልጋዮቹም እንናደዳለን። ከዚያ ታክሲ ተሳፍረን መስኮት እንዘጋለን።

ከቀብሩ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ተሰብስበን ብርድ ልብስ፣ ዘይት፣ ጤፍ አዋጣን። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ፎቶ ተነሣን (ይህንንም ልናገረው)። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ነገሩ ከበደ። ከተጎጂዎቹ አንዳንዶቹ ተቆጡብን። «ዘይቱ ለእገሌ ሁለት ለእኔ አንድ» ተባለ። አንድ ልጁን የቀበረ አባት የሰጠነውን ብርድ ልብስ መሬት ላይ ጣለው። ከእኛ አንዱ «ምስጋና ቢሶች!» ብሎ ወጣ። እኔም በልቤ አብሬው ወጥቼ ነበር።

ያን ቀን ማታ መምህራችን ስለ መፃጉዕ አባቶች የሚሉትን አስታወሱን። በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ የመታው ያ የተፈወሰው ሰው ነው ይላሉ። ጌታ ይህን እያወቀ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። በጥፊ የምትመታውን እጅ ራሱ አበረታት። እንግዲህ ስለ አንድ ብርድ ልብስ ምን ብዬ ላኩርፍ? ልጁን በቆሻሻ ሥር ያጣ ሰው ቁጣውን የት ይጣለው? ቢያንስ እኛ ፊት ለፊቱ ነበርን።

ያን ጊዜ ካየነው ሁሉ የማይረሳኝ የአንዲት እናት ነገር ነው። ሁለት ልጆቿን ቀብራለች። ፋሲካ ሚያዝያ 8 ዋለ፣ የሟቾቹ አርባ ደግሞ በዚያው ሳምንት ደረሰ። ሌላው «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» እያለ ዶሮ ሲበላ እነርሱ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ያለችበት ድንኳን ሄድን። ቡና አፈላችልን። ምን እንደሚባል ጠፍቶን ስለ ትንሣኤ ማውራት ጀመርን። እስክንጨርስ ሰማችን። ከዚያ ስኒውን እያቀበለችን «እናንተ ደግሞ እስከ መቼ ትመጣላችሁ?» አለች። በቁጣ አልነበረም። ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

«ሁልጊዜ» አልናት፣ ሁላችንም።

ስንጀምር ሠላሳ አራት ነበርን። ሰኔ ላይ ክረምቱ ሲገባ ጭቃውን አልፈን የሄድነው ሁለት ሰዎች ነን።