የታመመች ድመት ምን ትብላ?

ለታመመች ድመት ምግብ ሲመረጥ መነሻው በሽታው ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከከረጢቱ ነው። «ለትልልቅ ድመቶች» ወይም «ለሆድ የሚስማማ» የሚል ጽሑፍ ያያል፣ ይገዛል። ለኩላሊት ተብሎ የተሠራ ምግብ ስኳር ላለባት ድመት ላይስማማ ይችላል። አንዱን የሽንት ጠጠር የሚያሟሟ ምግብ ሌላውን ጠጠር አይነካውም። ስለዚህ የደምና የሽንት ምርመራ ይቀድማል፤ ግዢው ከዚያ በኋላ ነው።

በሽታው ምንም ይሁን ምን የማይለወጥ ነገር አለ፦ ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራም፤ ከሥጋ ማግኘት አለባት። ከካሮትና ከጎመን ቫይታሚን ኤ ማውጣትም አትችልም። የታውሪን እጥረት ዓይኗን እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ፖል ፒዮን ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ነገር አሳየ። የድመቶችን ልብ የሚያሰፋና የሚያደክም አንድ በሽታ ከዚሁ እጥረት ይመጣ ነበር። ድመቶቹ ይበሉ የነበረው ደግሞ ሱቅ የሚሸጥ የተዘጋጀ ምግብ ነው። ታውሪን ሲሰጣቸው የብዙዎቹ ልብ አገገመ። አምራቾችም መጠኑን ጨመሩ፣ በሽታውም በጣም ቀነሰ። የውሻ ምግብ ለድመት የማይሆንበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ለውሻ የሚበቃው ታውሪን ለእሷ አይበቃም።

ዕድሜያቸው በገፋ ድመቶች ላይ በብዛት የሚታየው የኩላሊት በሽታ ነው። ምግብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣውም እዚህ ላይ ነው። ድመቷ ውሃ ታበዛለች፣ ሽንቷም ይበዛል፣ ቀስ በቀስ ትከሳለች። ችግሩ ምልክቱ ሲታይ አብዛኛው የኩላሊት አቅም አስቀድሞ መጥፋቱ ነው። ለኩላሊት የሚታዘዘው ምግብ ዋና ሥራው ፎስፈረስ የሚባለውን ማዕድን መቀነስ ነው። የደከመ ኩላሊት ፎስፈረስን ማስወጣት ያቅተዋል፣ የተጠራቀመው ፎስፈረስ ደግሞ ኩላሊቱን የበለጠ ይጎዳል። ፕሮቲኑም ቀነስ ይላል፤ ግን ጥራት ያለው መሆን አለበት። ፕሮቲን ጨርሶ መከልከል ጡንቻዋን ያሟጥጣል። ኦሜጋ 3 እና ፖታሲየምም ይጨመራል። ሐኪሞች በሽታውን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ይህ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሮ ነው። አጥንት፣ ወተትና አይብ ፎስፈረስ ስለሚበዛባቸው ከዚህ በኋላ ይቀራሉ።

ይህ የምግብ ዓይነት የተጀመረው ለውሻ ነበር። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ግዛት ውስጥ ይሠራ የነበረው የእንስሳት ሐኪም ማርክ ሞሪስ ኩላሊቱ ለታመመ የዓይነ ስውር መሪ ውሻ ልዩ ምግብ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1948 ካንሳስ ግዛት ቶፒካ ከተማ የሚገኘው የሂል ኩባንያ ምግቡን እያሸገ ማቅረብ ጀመረ። ዛሬ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው የእንስሳት ምግብ ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

ውሃም እንደ ምግቡ ሊታሰብበት ይገባል። የቤት ድመት ዘሯ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። ደረቅ ምድር የለመደ እንስሳ ስለሆነች ጥማት ቶሎ አይሰማትም፤ ውሃዋን የምታገኘው ከአደኗ ነበር። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ያህል ነው። የታሸገው እርጥብ ምግብ ግን ከ75 በመቶ በላይ ውሃ ይዟል። ኩላሊቷ ወይም ፊኛዋ ለታመመ ድመት እርጥቡ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የሽንት ጠጠር ሲመጣ ደግሞ የጠጠሩ ዓይነት ይወስናል። ስትሩቫይት የሚባለው በልዩ ምግብ ይሟሟል። ካልሲየም ኦክሳሌት ግን በምግብ አይሟሟም፤ መውጣት አለበት። አንድ ነገር ደግሞ ሳይባል መታለፍ የለበትም። ወንድ ድመት ለመሽናት እየተቀመጠ ምንም ካልወጣው ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ያኔ ስለ ምግብ አይታሰብም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው።

ስኳር ላለባት ድመት ካርቦሃይድሬቱ ያነሰ፣ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ እርጥብ ምግብ ይመረጣል። አንዳንዶቹ በምግብና በጊዜ በተጀመረ ኢንሱሊን ተሽሏቸው መርፌውን እስከማቆም ይደርሳሉ። ግን ኢንሱሊን የምትወጋ ድመት ምግቧ ሐኪሙ ሳያውቅ ከተቀየረ ስኳሯ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ለወፈረች ድመት የሚሻለው ቀስ ብሎ መቀነስ ነው፤ በሳምንት ከክብደቷ ከ1 እስከ 2 በመቶ። 6 ኪሎ ለምትመዝን ይህ ከ60 እስከ 120 ግራም ማለት ነው። ታይሮይድ የሚባለው የአንገቷ ዕጢ ከመጠን በላይ ለሚሠራባት አዮዲኑ የተቀነሰ ምግብ አለ፤ የሚሠራው ግን ሌላ ምንም ካልቀመሰች ብቻ ነው። የምግብ አለርጂም እንደዚሁ ነው። ከዚህ በፊት በልታው የማታውቀውን ሥጋ፣ ለምሳሌ ጥንቸል ወይም ዳክዬ፣ ለ8 ሳምንት ያህል ለሙከራ ብቻውን ትበላለች። ልጆች ከማዕድ የሚወረውሩላት አንዲት ጉርሻ ሙከራውን ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች።

በእኛ አገር ድመት አብዛኛውን ጊዜ የምትበላው የቤተሰቡን ትራፊ ነው። ጤነኛዋ ድመት አይጥና ወፍ እያደነች የጎደላትን ትሞላለች። የታመመችና ያረጀች ግን አታድንም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከቤት ይጠፋሉ። ያኔ እንጀራ በሽሮ ብቻ የሚቀርብላት የታመመች ድመት በእርግጥ ትጎዳለች። ድመት ጾም አትችልም። በቤቱ የሚጾሙ ሰዎች ቢኖሩም ለእሷ ትንሽ ሥጋ ወይም እንቁላል ለብቻ ማብሰል ያስፈልጋል። ወጡም ሆነ ሽሮው ሌላ ጣጣ አለው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ተቀቅሎም ሆነ ደርቆ ተፈጭቶ፣ የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ጥሬ ሥጋም ለደከመች ድመት አይመከርም፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያና ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጉበት በየቀኑ ከሆነ ቫይታሚን ኤ ይከማችና የአንገት አጥንቶቿን እርስ በርስ ያጣብቃል። ቱና ብቻም አይበቃትም።

ቤት ውስጥ የሚበስል ምግብ ፍቅር አለበት፤ ማሟላቱ ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ከመቶ በላይ የድመት ምግብ አሠራሮችን መርምረው ነበር። የሚያስፈልጋትን ሁሉ ያሟላ አንድም አላገኙም። በሐኪም የሚታዘዘው ምግብ በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይቀመስበት ቦታ ቤት ማብሰል ግድ ሊሆን ይችላል። ያኔም ቢሆን ሐኪም መጠኑን ይወስን፤ ታውሪኑና ማዕድናቱ ይጨመሩ።

ከሁሉም በላይ ግን ድመቷ መብላት አለባት። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ለጥቂት ቀናት ካልበላች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል፤ ይህም ሊገድላት ይችላል። «ሲርባት ትበላዋለች» የሚለው አባባል ለድመት አይሠራም። አዲሱ ምግብ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይለወጥ፤ ግትር ለሆነች ድመት ሳምንታት ቢፈጅም ችግር የለውም። እርጥቡን ትንሽ ሞቅ ማድረግ ሽታውን ያጎላዋል፣ ፍላጎቷንም ያነሳሳል። እያስመለሳት ወይም ሆስፒታል ተኝታ እያለ አዲሱን ምግብ ማስጀመር አይመከርም፤ ሕመሙን ከምግቡ ጋር ታያይዘውና ከዚያ በኋላ ሳህኑን ስታይ ዞር ትላለች። የኩላሊት ምግቡን አልበላም ካለች ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ይሞክራል፣ ወይም የምትወደውን ምግብ እየበላች ፎስፈረስን የሚይዝ መድኃኒት ያዝላታል።