ሁለት በሬ፣ አንድ መዝገብ፦ የቀድሞ ወታደሮች ማህበርና የበዓል ሰሞን በደሴ

የደሴ የቀድሞ ወታደሮችና የአርበኛ ቤተሰቦች በየማህበራቸው ወር በወር ይገናኛሉ። መዋጮ ይከፍላሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ። የማህበር ጥንካሬ በደንብ የሚለየው ግን በበዓል ሰሞን ነው። ደሴ ላይ ደግሞ በዓል ሲባል የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ገናና ፋሲካ አለ። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ አለ። በዚህ ላይ ወታደር የራሱ ሁለት ቀኖች አሉት፤ የካቲት 23 የአድዋ ድል፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል በዓል። አንድ መዝገብ ላይ የሰፈሩ ሰዎች ይህን ሁሉ አብረው ያከብራሉ። ከአንድ ትሪ ሥጋ ግን አይበሉም። ማህበሮቹን ለመረዳት ከዚህ መነሳት ይሻላል።

አባላቱ እነማን ናቸው

አባሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው የአርበኛ ወገን ነው። ጣሊያን ከወጣ ከ80 ዓመት በላይ ስለሆነ መዝገቡን ዛሬ የያዙት ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። በሰልፍ ቀን የአባታቸውን ሜዳይ ደረታቸው ላይ ደርድረው የሚወጡት እነሱ ናቸው። ሌላው እስከ 1983 ዓ.ም. ያገለገለው የቀድሞው ሠራዊት ነው። በዚያ ዓመት ሠራዊቱ ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ሥራ ፈትቶ ወደየቤቱ ገባ። እነሱን የሚያቋቁም ኮሚሽን ቢመሠረትም ብዙው ሰው የቆመው በዘመድ፣ በእድርና በጓድ ትከሻ ነው። ከዚያ በኋላ ከመከላከያ በጡረታ ወይም በጉዳት የተሰናበቱት አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ገና ጎልማሳነት ያልደረሱ ወጣቶችም ይገኛሉ።

ሁሉንም የሚያገናኘው አጠራሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዩኒፎርም ያልለበሰ ሰው ዛሬም ሰፈሩ ውስጥ «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚባለው። ሚስቱም በሰው ፊት እንዲያ ብላ ትጠራዋለች። ሐጅ የደረሰው ደግሞ «ሐጂ» ሲባል ይውልና ማህበሩ ጋ ሲመጣ ወደ «ሻምበል»ነቱ ይመለሳል።

ከተማው ራሱ ከጦርነት ጋር ያለው ትዝታ ቅርብ ነው። ለአድዋ ጦርነት ሰበብ የሆነው ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ ነው። አፄ ምኒልክ ሠራዊታቸውን የቀጠሩትም ወረኢሉ ነበር። የወሎን ፈረሰኛ እየመሩ አድዋ የዘመቱት፣ ኋላም ንጉሥ የሆኑት ራስ ሚካኤል ደሴን መናገሻቸው አደረጓት፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሰው ይበላበት የነበረው አይጠየፍ አዳራሽ የእሳቸው ነው። ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ። ቀይ መስቀል ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ጣሊያን ሚያዝያ 7 ቀን ከተማዋን ያዘ። ነፃ የወጣችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከመግባታቸው 9 ቀን ቀደም ብሎ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ እንደገና የጦር ሜዳ ሆኑ። በአርበኛው ልጅና በወጣቱ ቁስለኛ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ሰፊ ቢሆንም የሚያወሩት ወሬ የሚገጥመው ለዚህ ነው።

የጾምና የፍስክ ስሌት

የማህበር ኮሚቴ በዓል ሲያቅድ መጀመሪያ የሚከፍተው ካላንደር ነው። የካቲት 23 አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይውላል። ስለዚህ አድዋ የሽሮ፣ የምስርና የሱፍ ፍትፍት በዓል ነው። ሚያዝያ 27 ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ስለሚመጣ በሃምሳው ቀን ውስጥ ይገባል፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የወታደሩ ዋና የሥጋ በዓል የድል ቀን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሙስሊሙ በዓል በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይውላል። አንዳንዴ ሁሉም ተደራርቦ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 24 ዋለ። በሦስተኛው ቀን ሚያዝያ 27 ተከተለ። ከተማዋ ከጦርነት ከወጣች ገና አምስት ወሯ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፋሲካና የድል ቀን ጭራሽ በአንድ ቀን ዋሉ። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ሙሉ በሙሉ ሁዳዴ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ማንም ማንንም መጋበዝ አይችልም ብሎ የሚያስብ ሰው ወሎን አያውቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ ለኢፍጧር የሚቀርበው ሾርባና ሳምቡሳ በምስር ከተሠራ ጿሚው ክርስቲያንም አብሮ ይቀመጣል።

ቅርጫው እንዴት ይሠራል

ቅርጫ ማለት ጥቂት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ገዝተው አርደው የሚካፈሉበት ልማድ ነው። በማህበር ደረጃ ሲሆን ትንሽ ሥርዓት ይጨመርበታል። ከበዓሉ ብዙ ቀደም ብሎ ገንዘብ ያዡ የሚገባውን ሰው ስም ይመዘግባል። ግማሹ በአንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ጡረታ ጠባቂው ደግሞ በሁለት ሦስት ወር ከፋፍሎ። ለአንድ በሬ ስንት ሰው እንደሚገባ የሚወስነው የበሬው ዋጋና የሰው ኪስ ነው።

ገዢ ተብለው የሚላኩት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች «በሬ ያውቃል» የተባሉ ናቸው። ጥርሱን ያያሉ፣ ሻኛውን በእጃቸው ይዳስሳሉ፣ ከኋላው ሄደው አረማመዱን ይመለከታሉ። ደሴ ገበያ ዋጋው አልቀመስ ካለ ወደ ባቲ የሚወርድም አለ። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ የሚቆመው ገበያዋ ከቆላ በሚመጣ ከብትና ግመል ይታወቃል።

እርዱ ማለዳ ነው። በሬው ተገፎ ሲያልቅ ሥጋው በየመደብ ይደለደላል። እያንዳንዱ መደብ ከሁሉም ብልት ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል፤ ከሻኛው፣ ከዳቢቱ፣ ከሽንጡ፣ ከጎድኑ፣ ከታላቁ፣ ከታናሹ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው። ደልዳዩ ሥራውን ሲጨርስ ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ ከአንዱ ቆርሶ ወደ ሌላው ይጥላል። «እዚህ ጋ ጮማ ጎደለ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ከዚያ ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ያዋጣል፤ ሳንቲም፣ ጭራሮ፣ ጠጠር፣ የአሮጌ ካፖርት ቁልፍ። ክፍፍሉን ያላየ ልጅ ተጠርቶ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ሻለቃም ሆነ አስር አለቃ የደረሰውን አንስቶ ይሄዳል። ማዕረግ እዚህ ጋ አይሠራም። እኔ ከቅርጫ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

ቆዳው ድሮ ለማህበሩ ካዝና ደህና ገንዘብ ያስገባ ነበር። አሁን ዋጋው በጣም ወድቋል። ኮምቦልቻ ላይ የቆዳ ፋብሪካ እያለ ቆዳ ሜዳ ላይ ሲጣል ማየት ያሳዝናል።

ታዲያ ሙስሊሙ አባልስ? ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም። ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። በወሎ ይህ ማንንም አያስቀይምም፤ ሁሉም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። ሠርግም ይሁን ተዝካር፣ ለሙስሊም እንግዳ በሙስሊም እጅ የታረደ በግ ለብቻው ይሠራል። ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ ወጥ ሠሪዋም ለየብቻ ናቸው። ድንኳኑና ወንበሩ ግን የአንዱ እድር ነው። ማህበሩም ይህንኑ ይከተላል። በድል ቀን አቅም ካለ ሁለት በሬ ይገዛል፤ አቅም ካጠረ አንድ በሬና ጥቂት በጎች። አንዱ በበስመ አብ፣ ሌላው በቢስሚላህ ይታረዳል። ሂሳቡ ግን አንድ ነው። መዋጮ ሲሰበሰብ «የእኛ በሬ፣ የእናንተ በሬ» ተብሎ አይለይም።

አረፋ ሲደርስ ሙስሊም አባላት ከቅርጫ ጋር የሚቀራረብ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ለኡድሒያ፣ ማለትም ለአረፋው እርድ፣ አንድ በሬ ለሰባት ሰው ይበቃል። ስለዚህ ሰባት ሰባት ሆነው ይቧደናሉ። ከሥጋው ሲሶው ለቤት፣ ሲሶው ለዘመድ ወዳጅ፣ ሲሶው ለችግረኛ ቢሆን ይመረጣል። የችግረኛውን ድርሻ ለማን ማድረስ እንደሚሻል የማህበሩ መዝገብ ያሳያል። የትኛዋ ባልቴት ብቻዋን እንደምትኖር ጸሐፊው ያውቃል።

ጥቅሙ

የአባል ጥቅም ሲባል ብዙ ሰው ሐዘን ላይ የሚሰጠውን ገንዘብ ያስባል። እሱ አለ። የሕመም መጠየቂያም፣ አነስተኛ ብድርም አለ። የበዓል ሰሞን ድጋፍ ግን በገንዘብ ሳይሆን በዕቃ ሲሆን ይመረጣል። ዘይት፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቡና። እነዚህን ሁለቱም ቤት ይበላቸዋል። አንድ የሥጋ ጥቅል ለሁሉም ቢታደል ግን ግማሹ አባል ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

ለአቅመ ደካማ አባል ሥጋ መስጠት ካስፈለገ በግ በቁሙ መስጠት ከሁሉ ይሻላል። ቤተሰቡ በሃይማኖቱ፣ በእጁ፣ በጊዜው ያርደዋል። ከዚህ ሌላም ጥቅም አለው። ቤት ውስጥ በግ ሲጮህ ጎረቤት ይሰማል፤ ልጆቹ ከደጅ ያስሩታል። ተሸፍኖ በፌስታል የመጣ ሥጋ የእርዳታ ስሜት ይሰጣል። በደጅ የታሰረ በግ ግን እንደማንኛውም ቤት በዓል ነው።

ከሥጋውም ከዘይቱም የሚበልጥ አገልግሎት አለ፤ የወረቀት ሥራ። የአገልግሎት ጡረታ መብት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገልን ይጠይቃል። ጡረተኛው ሲሞት ደግሞ ሚስቱ የጡረታውን ግማሽ ታገኛለች። ለዚህ ግን የጋብቻና የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። በዘመቻ መሀል በሽማግሌ ፊት የተጋባ ሰው ወረቀት የለውም። ባለቤትየዋ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ «አዎ፣ ሚስቱ ናት፤ ሠርጋቸው ላይ ነበርን» ብሎ የሚመሰክርላት የባሏ ጓድ ነው። የበዓል ጉብኝት ለዚህ ሥራ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ጠያቂዎቹ ዘይቱን አድርሰው ቡና ሲጠጡ፣ ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠውን የስንብት ወረቀት፣ የድሮ ፎቶና ደብተር ያዩታል። የጎደለውን ባለቤቱ በሕይወት እያለ ማሟላት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን መስተካከል አለበት። ባል ሲሞት የሚስቱን ስም ከመዝገብ የሚያወጣ ማህበር አለ። «አባሉ እሱ ነበር» ይላሉ። እሱ ግንባር በነበረበት ጊዜ ቤቱን ያቆመችው፣ ልጆቹን ያሳደገችው፣ መዋጮውን ከእንጀራ ሽያጭ አውጥታ የከፈለችው እሷ ናት። በስሟ ደብተር ሊሰጣት፣ ቅርጫ ላይም ምልክቷን ራሷ ልታስቀምጥ ይገባል።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮ ለአቅመ ደካማ አባል መክፈልም እንደ በዓል ስጦታ ቢቆጠር ጥሩ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጦሳ ተራራ ሥር የታህሳስ ብርድ ለድሮ ቁስል አይመችም። አንዳንዱ ብርዱን ሽሽት ክረምትና ጥቅምቱን ኮምቦልቻ ልጁ ጋ ይወርዳል። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው።

ወሬውና ስብሰባው

ከበዓል በፊት ያለው ስብሰባ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይሞላል። ጸሐፊው ማን ሆስፒታል እንደተኛ፣ ማን አዲስ አበባ ልጁ ጋ እንደሄደ፣ ማን እንዳረፈ ያነባል። የሞተ ካለ ሁሉም ይቆማል። ቀጥሎ የሰልፉ ጉዳይ ይነሳል፤ በስንት ሰዓት፣ ከየት፣ ሜዳይ ያለው ይዞ እንዲመጣ። የዕድሜ ባለጠጋ የሆነ ሰው እንዳይደክም መኪና የሚፈልግለት ይመደባል። ድሮ ይህ ሁሉ በለፋፊ ነበር የሚነገረው። አሁን ቴሌግራም አለ። ስልክ የሌለው አዛውንት ግን ስለማይጠፋ አንድ ወጣት በየቤቱ እንዲያዳርስ ይላካል።

ሂሳብ የሚዘጋው ዳግማ ትንሣኤና የድል ቀን ሲያልፉ ነው። የበሬው ዋጋ፣ የመኪናው፣ የዘይቱ፣ ያልከፈሉት ሰዎች ስም ይነበባል። ያልከፈለው በችግር ከሆነ ይታለፋል፤ በቸልታ ከሆነ ይጠየቃል። አዲስ ኮሚቴ ሲመረጥ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ሰው እንዲገባ ይደረጋል፤ የአንዱን ጾም ሌላው ሊረሳው ይችላላ። ኢድ የሚቆረጠው ጨረቃ ስትታይ ስለሆነ የኢድ ዕቃ ቀደም ብሎ ይገዛል፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍም በዚያ ሳምንት ለሙስሊሙ የኮሚቴ አባል ይሰጣል። ለገናና ለፋሲካ ሲሆን ቁልፉን ክርስቲያኑ ይይዘዋል።