«ሬዲዮው አይስብም»፦ ስለ ኤፍ ኤም የምንሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

እናቴ አዴት ነው የምትኖረው። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለፋሲካ ልጠይቃት ስሄድ ቡናው ገና ሳይፈላ፣ «ልጄ፣ ይኼ ሬዲዮ አርጅቷል መሰለኝ፣ አይስብም። አዲስ ግዛልኝ» አለችኝ። ሬዲዮው ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አንቴናው ከወገቡ ተሰብሯል። ጉቶው ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ፣ ሽቦው ግድግዳውን ይዞ ወጥቶ ከቆርቆሮው ምስማር ላይ ታስሯል። የባሕር ዳሩን 96.9 ስከፍተው ጋዜጠኛው ከሽሽታው፣ ከዚያ «ሽሽሽ» ከሚለው ጩኸት፣ ስር ሆኖ ያወራል።

ሽቦውን ፈታሁት። ሬዲዮውን በእጄ ይዤ ቤቱን ዞርኩ። ጓዳ ስገባ ጭራሽ ጠፋ። በሰሜን በኩል ያለው መስኮት ጋ ስደርስ ጥርት አለ። ያው ሬዲዮ፣ ያው ጉቶ አንቴና! እማዬ ረከቦቱን ትታ መጣች። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶችም ስለ ሬዲዮ የሚያውቁትን ያወሩ ጀመር። ብዙው ልክ አልነበረም። ሌላም ቤት እንደሚባል ስለማውቅ አንድ በአንድ ልጻፈው።

«ሬዲዮው ስላረጀ ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቦታው ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው ማለት ይቻላል። ተራራ ሲያጋጥመው ከጀርባው ጥላ ይፈጠራል። ሜዳ ላይ እንኳ ማሰራጫው 100 ሜትር ከፍታ፣ የእናንተ አንቴና ደግሞ 4 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ሞገዱ በቀጥታ የሚደርሰው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎጃም ደግሞ ሜዳ ብቻ አይደለም። መሃሉ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጮቄ ተቀምጧል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በመኪና የወረደ ሰው ሬዲዮው እንዴት እየደከመ እንደሚሄድ ያውቃል። ሬዲዮው አልተበላሸም። ገደሉ ጋርዶት ነው።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሬዲዮውን ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ። ጣቢያው ባለበት አቅጣጫ ያለ መስኮት ይሻላል። ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል። ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን መራቅም ይረዳል። አንድ እርምጃ እንኳ ለውጥ አለው፤ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ አንዱ ቦታ ላይ ዋናውን ያግዘዋል፣ ሌላው ቦታ ላይ ያጠፋዋል።

አዲስ ሬዲዮ የሚጠቅመው መቼ ነው? ጣቢያዎች ሲደራረቡ። ሬዲዮ ሁለት ችሎታ አለው። አንዱ ደካማ ሞገድ መያዝ ነው። ሌላው ጎረቤት ጣቢያን ለይቶ ማስቀረት ነው። በርካሽ መርፌ ሬዲዮ ላይ ሁለት ጣቢያ ባንዴ የሚያወራው ይኼኛው ችሎታ ስለሚያንሰው ነው። ቁጥር የሚያሳዩት ብዙዎቹ አዳዲስ ዲጂታል ሬዲዮኖች በዚህ ይበልጣሉ፤ ከያዙት ጣቢያም አይንሸራተቱም።

«አንቴና በረዘመ ቁጥር ይስባል»

ሽቦውን ቆርቆሮ ድረስ ያስወሰደው ይኼ እምነት ነው። ኤፍ ኤም የሚሠራው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ነው። እዚህ ላይ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ ነው። አንቴና ደግሞ ደህና የሚሠራው የሞገዱ ሩብ ወይም ግማሽ ሲሆን ነው። ሩቡ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ዐሥር ሜትር ሽቦ አስረህ የምታገኘው ከጣቢያው ይልቅ የሰፈሩን ጫጫታ ሊሆን ይችላል።

ለእማዬ የሠራሁት ይኼን ነው። መንታ የመብራት ገመድ ገዛሁ። ከአንድ ጫፉ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ሁለቱን ሽቦ ለየሁና ግራና ቀኝ ዘረጋኋቸው። መስቀል የሚመስል፣ አናቱ የሌለው ነገር ሆነ። ይኼን ከመስኮቱ በላይ በትናንሽ ምስማር ሰቀልኩት። ከታች በኩል ካሉት ሁለት ጫፎች አንዱን ልጬ ጉቶው ላይ አጥብቄ አሰርኩት። ሌላውን ደግሞ ድንጋይ የሚገባበት ቤት ውስጥ ካለው የኔጌቲቭ ሞላ ጋር አነካካሁት። ከኋላው የአንቴና መሰኪያ ያለው ትልቅ ቴፕ ከሆነ ሁለቱም ጫፎች እዚያው ይገባሉ። ይኼን የምታደርጉት በድንጋይ በሚሠራ ሬዲዮ ላይ ብቻ ይሁን። ሶኬት ላይ የተሰካ ሬዲዮ ከፍታችሁ ሽቦ አትንኩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እንዲህ የተዘረጋ አንቴና የሚሰማው በጎኑ ነው፣ በጫፉ አይደለም። ጣቢያው በሰሜን ከሆነ ክንዶቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጉ። አንዳንድ ጣቢያ ሞገዱን አቁሞ ስለሚልክ፣ በአግድሙ ካልሆነላችሁ አንቴናውን አቁማችሁ ሞክሩት። «አንቴና ሁልጊዜ መቆም አለበት» የሚባለው ለዚህ ነው ልክ ያልሆነው። ጆሮ ነው የሚወስነው።

«ቆርቆሮው ራሱ አንቴና ነው»

ቆርቆሮ ሞገድ ይመልሳል። ከስሩ ያለ ሬዲዮ ሞገድ የሚያገኘው በመስኮትና በግድግዳ በኩል ነው። ምስማሩ ላይ ማሰር አንዳንዴ ይሠራል፣ ግን በዕድል ነው። አደጋም አለው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

«ከዲሹ ጋር እናገናኘው»

አንድ ጎረቤታችን በልበ ሙሉነት ያሉት ነው። ዲሹ ላይ ያለችው ዓይን የተሠራችው ድግግሞሹ፣ ማለትም በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ ከኤፍ ኤም መቶ እጥፍ ገደማ ለሚበልጥ ሞገድ ነው። ኤፍ ኤምን አታውቀውም። ይልቅ የድሮው ባለ ብዙ ክንድ የቴሌቪዥን አንቴና ጣሪያ ላይ ቆሞ ከቀረ እሱን ሞክሩት። ልኩ በትክክል ለኤፍ ኤም ባይሆንም ከፍታው ብቻ ብዙ ይረዳል። ዲሽ ያለው ሰው ደግሞ ሪሞቱ ላይ ሬዲዮ የሚለውን ይጫን፤ በሳተላይት የሚተላለፉ የሬዲዮ ጣቢያዎች አሉ።

«ሲደምን ሞገዱ ይጠፋል»

ደመናና ዝናብ በኤፍ ኤም ላይ ይኼ ነው የሚባል ጉዳት የላቸውም። አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የኤፍ ኤም ሥርጭት እኮ ዓላማው የመብረቅ ጩኸትን ማምለጥ ነበር። መብረቅ የሚረብሸው የሞገዱን ጉልበት ነው። ኤፍ ኤም ደግሞ ድምፁን የሚሸከመው በድግግሞሹ መለዋወጥ ነው።

የሚረብሸን ሌላ ነው። እማዬ ራሷ ሳታውቀው ነገረችኝ፦ «መብራት ሲጠፋ እኮ ይጠራል»። መልሱ እዚያው ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ አንዳንድ ኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የሶላር ኢንቨርተር፣ ሁሉም ጫጫታ ይረጫሉ። ሬዲዮውን በድንጋይ ክፈቱና አንድ በአንድ ንቀሉ። ሽሽታው የቀነሰበት እሱ ነው ጥፋተኛው። እኛ ቤት ቡፌው አጠገብ የተሰካ ቻርጀር ሆኖ ተገኘ።

«ስቴሪዮ ሁልጊዜ ይሻላል»

ቅርብ ላለ ጣቢያ አዎ። ለሩቅ ግን አይሻልም። ስቴሪዮ ሳይንሿሿ እንዲሰማ ከሞኖው እጅግ የበረታ ሞገድ ይፈልጋል። ሬዲዮአችሁ ሞኖ የሚል ማብሪያ ካለው ወደዚያ አዙሩት። ሽሽታው ባንዴ ሲወርድ ትሰማላችሁ። ለዜናና ለወግ ደግሞ ምንም አይጎድልባችሁም።

«ማጉያ ቢገጠምለት ከአዲስ አበባም ይስባል»

ማጉያ የመጣለትን ሁሉ ያጎላል፤ ጫጫታውንም ጨምሮ። ያልደረሰ ሞገድ አይጎላም። ደብረ ማርቆስ ሆኖ የአዲስ አበባውን ሸገር 102.1 በቀጥታ ከዚያው ማሰራጫ እይዛለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው። በመንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ዓባይ አለ። ከሩቅ አገር የሚመጣው አጭር ሞገድ ነው፣ እሱ ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል እየነጠረ ስለሚጓዝ።

«የስልኬ ሬዲዮ ተበላሽቷል»

ኢርፎን ሰክተዋል? ብዙ ስልክ ላይ አንቴናው የኢርፎኑ ገመድ ነው። ብሉቱዝ አይተካውም። የስልኩ ኤፍ ኤም ዳታም አይበላም።

«ውጭ የተሰቀለ ሽቦ ምንም ጉዳት አያመጣም»

ይኼኛውን አደራ ብዬ ነው የምጽፈው። ክረምት ላይ የጎጃም ሰማይ እንዴት እንደሚያጓራ ታውቁታላችሁ። ከጣሪያ የወረደ ሽቦ መብረቅን ወደ ሳሎን ሊያስገባ ይችላል። ውጭ የቆመ የብረት ምሰሶ በወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት። ይኼም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ሰማዩ ሳይጠቁር በፊት ገመዱን ከሬዲዮው ንቀሉ። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን አትንኩት።

እማዬ የቆርቆሮውን ሽቦ ጠቅልላ ለልብስ ማስጫ አድርጋዋለች። ሬዲዮው አሁን መስኮቱ ጋ ነው፣ ዳንቴሉም አብሮት ሄዷል።