ልጅን ቸል ማለት ምንድን ነው?

ልጅን ቸል ማለት አሳዳጊ እያለ ልጁ የሚያስፈልገውን ምግብ፣ ንጽሕና፣ ሕክምና፣ ትምህርት፣ ጥበቃ ወይም ፍቅር በተደጋጋሚ ሲያጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) በአንቀጽ 19 ከአካላዊና ከወሲባዊ ጥቃት ጋር አብሮ ይጠቅሰዋል።

የተመታ ልጅ ሰንበሩ ያሳብቃል። ቸል የተባለ ልጅ ግን የሚያሳየው ቁስል ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ የሚታየው መደጋገሙ ነው። አንድ ቀን ሳይታጠብ መምጣት ምንም ማለት አይደለም። ጥርሱ በስብሶ ለወራት በአንድ ጎኑ ብቻ የሚያኝክ፣ በብርድ ወቅት ሁልጊዜ በስስ ልብስ የሚመጣ፣ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ የተረፈ ዳቦ ኪሱ ውስጥ የሚሸሽግ ልጅ ግን ሊጠየቅለት ይገባል። ታናሹን የምታለብስ፣ የምታበላና የምታስተኛ የሰባት ዓመት ልጅም አለች። ሰው “እንዴት ያለች አዋቂ ልጅ!” ይላታል። እሷን ማን እንደሚያበላት ግን ማንም አይጠይቅም።

ድህነትና ቸልታ አንድ አይደሉም። ከራሷ አፍ ነጥቃ ለልጇ የምታጎርስ እናት እርዳታ እንጂ ወቀሳ አይገባትም። ሁሉ በሞላበት ቤት ደግሞ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ሊያጣ ይችላል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይኸኛው፣ የስሜት ቸልታ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ ወይም ሲኮላተፍ የሚመልስለት ሰው ማግኘቱ አንጎሉን ይገነባል። በሩማኒያ፣ ቡካሬስት፣ በማሳደጊያ ተቋማት የነበሩ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የገቡት፣ ዘግይተው ከገቡት ይልቅ በአእምሮ እድገትም ከአሳዳጊያቸው ጋር በመተሳሰርም የተሻሉ ሆነው እንዳገኛቸው አሳይቷል። “አያለቅስም፣ ጨዋ ነው” የሚባል ሕፃን አንዳንዴ ቢያለቅስም የሚመጣለት እንደሌለ የተረዳ ነው።

አሳዳጊው ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ ድብርት፣ ሱስ ወይም ረዳት ማጣት ይዞት ይሆናል። ይህ ግን ልጁ እንዲጠብቅ ምክንያት አይሆንም። ያያችሁትን ከነቀኑ መዝግቡ። ልጁን “ትናንት ማታ ቤት ማን ነበር?” ብላችሁ በለሆሳስ ጠይቁት፤ ለማንም አልናገርም ብላችሁ ግን ቃል አትግቡለት። ከዚያም በአካባቢያችሁ የሕፃናት ጉዳይ ለሚመለከተው አካል ንገሩ። እርግጠኛ እስክትሆኑ አትጠብቁ፤ ማጣራት የእነሱ ሥራ ነው።