«ቬሪ» ቀድሞ «እውነተኛ» ማለት ነበር

እንግሊዝኛ የጀመረ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚያውቃቸው ቃላት አንዱ የሆነው «ቬሪ» የተባለው ተውሳከ ግሥ በአማርኛ «በጣም» ወይም «እጅግ» ተብሎ ይፈታል፤ ፍቺውም ለዛሬው አነጋገር ትክክል ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን በቆየው እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ግን «ቬሪ ጎድ ኦቭ ቬሪ ጎድ» ከሚለው ሐረግ ሲደርስ ይህ ፍቺ አያስኬደውም፤ «በጣም አምላክ» የሚባል ነገር የለምና። የግእዙ ጸሎት በዚሁ ቦታ «አምላክ ዘእምአምላክ ዘበአማን» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1549 የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ «ቬሪ» ያለው እኛ «ዘበአማን» የምንለውን፣ ማለትም «እውነተኛ» የሚለውን ነው።

የቃሉ ሥር በላቲን «እውነት የሆነ» የሚል ትርጉም ያለው «ዌሩስ» ነው። ከዚያ ወደ ጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ቬራይ» ሆኖ አለፈ፤ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላም ከብዙ ሌሎች የፈረንሳይኛ ቃላት ጋር በእንግሊዝኛ ውስጥ ቦታ አገኘ። የፍርድ ሸንጎ ውሳኔ «ቨርዲክት» መባሉ፣ ማረጋገጥም «ቬሪፋይ» መባሉ ከዚሁ ሥር ነው፤ የመጀመሪያው ቃል በቃል ሲፈታ «እውነት የተነገረ» ይሆናል። «ቬሪ» ከመምጣቱ በፊት እንግሊዞች የማጋነን ሥራውን ያሠሩት የነበረው «በብርቱ» የሚል ትርጉም የነበረውን «ስዊዘ» የተባለ ቃል ሲሆን፣ እርሱ ዛሬ ከተራው ንግግር ጠፍቷል።

«እውነተኛ» የሚል ቅጽል እንዴት «በጣም» ሊሆን ቻለ? መልሱ ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያለ ይመስለኛል። በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ የጻፈው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር አንድን ፈረሰኛ ሲያወድስ «ቬሬይ፣ ፓርፊት፣ ጄንቲል ናይት» ይለዋል፤ «እውነተኛ፣ ፍጹም፣ ጨዋ ፈረሰኛ» ማለቱ ነው። የዛሬ አንባቢ ግን ሳያስበው «በጣም ፍጹም» ብሎ ያልፈዋል። «እውነተኛ» የሚለው ቅጽል ሌላ ቅጽልን አስከትሎ ሲነገር፣ ሰሚው የፈረሰኛውን እውነተኛነት ትቶ የጨዋነቱን ልክ ማሰብ ይጀምራል፤ «እውነተኛ ጨዋ» የተባለው «በእውነት ጨዋ»፣ ቆይቶም «በጣም ጨዋ» ይሆናል ማለት ነው። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዛሬ አንድ ወጣት «ከምር ይጣፍጣል» ሲል የቀመሰው ምግብ እጅግ እንደ ጣፈጠው መናገሩ እንጂ ስለ እውነተኛነቱ መማሉ አይደለም።

የጥንቱ ትርጉም ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። «ዚስ ቬሪ ዴይ» ሲባል «በዚሁ በዛሬው ዕለት»፣ «ዘ ቬሪ ማን» ሲባልም «ያው ራሱ ሰውዬው» ማለት ነው፤ እዚህ ላይ «በጣም» ብሎ የሚተረጉም ሰው ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ ወንጌል የሚደጋገመው «ቬሪሊ፣ ቬሪሊ» የሚለው ቃልም የዚሁ ዘር ነው፤ በግእዙ «አማን አማን እብለክሙ»፣ በአማርኛው «እውነት እውነት እላችኋለሁ» የሚለው ነው።

የቃሉ ቅጽልነት ታሪክ ለአማርኛ ተናጋሪው አንድ ተግባራዊ ጥቅም አለው። «በጣም እወደዋለሁ» ብሎ የለመደ ሰው «አይ ቬሪ ላይክ ኢት» ማለት ይቀናዋል፤ «በጣም» ከቅጽልም ከግሥም ፊት ያለ ችግር ይገባልና። «ቬሪ» ግን በቅጽል ፊት ቆሞ ያደገ በመሆኑ እስከ ዛሬ ቅጽልንና ሌላ ተውሳከ ግሥን እንጂ ግሥን በቀጥታ አያጠናክርም። ስለዚህ «ማች» የሚለውን ይዞ ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይሄዳል፤ «አይ ላይክ ኢት ቬሪ ማች» ይባላል።