ከጎንደር ግምቦች ሥር፦ የምድር ውስጥ መንገዱ ወሬና በእውነት የሚገባበት ጨለማ

ጎንደር ተወልዶ ይህን ወሬ ሳይሰማ የሚያድግ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ከፋሲል ግምብ ሥር የሚነሳ የምድር ውስጥ መንገድ አለ ይባላል። አንዱ እስከ ቁስቋም ያደርሰዋል። ሌላው እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይስበዋል። ጨከን ብሎ ጣና ድረስ የሚወስደውም አለ። እኔ የሰማሁት ከአያቴ ነው። ቡናዋን እየቆላች፣ "ንጉሡ ሳይታይ ወጥቶ ሳይታይ ይገባ ነበር" ትለኛለች። እኔም በማግስቱ ከግቢው አጥር ሥር እየዞርኩ ቀዳዳ እፈልጋለሁ።

ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ከሚጠይቀኝ ነገር አንዱ ይኸው መንገድ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልጻፈው። አስቀድሜ ግን እውነቱን ልናገር። ትኬት ተቆርጦ፣ ባትሪ ተይዞ፣ በአንድ ጫፍ ተገብቶ በሌላው የሚወጣበት የምድር ውስጥ መንገድ ጎንደር ውስጥ ለጎብኚ የተከፈተ የለም። ይህ ማለት ግን ወደ ድንጋይ ሆድ የሚገባበት ቦታ የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ደግሞም ከወሬው ያላነሰ ነው።

ከተማዋ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1636) መናገሻቸው አደረጓት። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ተክለው፣ ድንኳን ነቅለው ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ነበሩ። ፋሲል ግን በድንጋይና በኖራ ገነቡ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም በዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ጨመሩ፦ ጻድቁ ዮሐንስ፣ ታላቁ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ። ዛሬ የፋሲል ግቢ የምንለው ይህ 7 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለው ቦታ ነው። ዙሪያውን 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አጥር ከብቦታል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

መንገዱ ከላይ ነበር

ስለ ምድር ውስጥ መንገድ ከማውራታችን በፊት የአጥሩን በሮች ማየት ይገባል። እኔን ያሳመነኝ እዚያ ያለው ነገር ነው።

አጥሩ 12 በሮች እንዳሉት ይነገራል። እያንዳንዱ በር የራሱ ስም፣ የራሱ ሥራ ነበረው። ፊት በር አለ፤ ከጃንተከል ዋርካ ፊት ለፊት ስለሆነ ጃንተከል በርም ይሉታል። ወምበር በር የዳኞቹ ነው። እምቢልታ በር ነፊዎቹ የሚገቡበት፣ ባልደራስ በር የፈረሶቹ ሹም ያለበት ነው። ቋሊ በር የእቴጌይቱ አገልጋዮች መግቢያ ሲሆን ከእልፍኝ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። እርግብ በርም አለ። ስሞቹን ብቻ በተርታ ቢያነቡ ቤተ መንግሥቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ይታያል።

አሁን ሁለቱን ለይተን እንያቸው። አደናግር በር የጥጥ ፈታዮች በር ነው። ከዚህ በር ተነስቶ በሸማኔዎቹ ሰፈር ወዳለው ቅዱስ ሩፋኤል የሚያሻግር ድልድይ ነበር። ተዝካሮ በርም ድልድይ ነበረው፤ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በተደረገ ውጊያ ፈርሷል።

ልብ በሉልኝ። ከቤተ መንግሥቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሰው ጋር ሳይጋፉ የሚያልፉበት መንገድ በእርግጥ ነበረ። ግን ከምድር በታች ሳይሆን ከሰው ራስ በላይ ነው። የእኔ ግምት ይህ ነው፦ ድልድዮቹ ፈረሱ፣ ትዝታቸው ቀረ። "ንጉሡ የሚያልፍበት መንገድ ነበር" የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ፣ ተከታዩ ትውልድ መንገዱን ቢፈልግ አጣው። ከላይ ያጣውን ነገር ከታች አለ ብሎ አሰበ። አያቴ ያወራችልኝ ወሬ ባዶ አልነበረም ማለት ነው። አቅጣጫው ብቻ ነው የተገለበጠው።

ድንጋዩ

ወሬውን በጥርጣሬ እንዳየው የሚያደርገኝ ሌላው ነገር ድንጋዩ ነው። የጎንደር ግምቦች የተሠሩት ባዛልት ከሚባለው ጠንካራና ጠቆር ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ላሊበላ ላይ ያለው ቀይ ድንጋይ ለስለስ ያለ ነው፤ በመጥረቢያና በመሮ ይፈለፈላል። ስለዚህም የላሊበላ ሰው ቤቱን ከድንጋይ ውስጥ አወጣ። የጎንደር ሰው ግን ድንጋዩን ጠርቦ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ፣ በኖራ አያይዞ ወደ ላይ ሄደ። ኖራ ለግንባታ መዋል የጀመረው በፋሲል አባት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ባዛልት ሥር ኪሎ ሜትሮችን የሚሄድ ዋሻ መቆፈር በዚያ ዘመን መሣሪያ ሊገፋ የሚችል ሥራ አይመስለኝም። አጭር መሸሸጊያ ወይም ምድር ቤት ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የምመኘው ነገር አለ። መሬት ሳይቆፈር ከሥሩ ያለውን ክፍተት የሚያሳይ የራዳር መሣሪያ በዓለም ላይ በብዙ ጥንታዊ ከተሞች ሥራ ላይ ውሏል። በግቢው ላይ በሚገባ ቢሞከር ክርክሩ ባንድ ጊዜ ያልቃል። ዶማ ይዞ መፈለግ ግን ቅርስ ማጥፋት ነው። እባካችሁ ማንም እንዳይሞክረው።

የምድር ውስጥ ወሬ ለምን አይሞትም

አንድ ጎንደር ብቻ አይደለችም። አክሱም ላይ ከአፄ ካሌብና ከአፄ ገብረ መስቀል መቃብር የሚነሳ ዋሻ እስከ ቀይ ባሕር ይሄዳል ይባላል። የአክሱሙ መቃብር ግን ቢያንስ በደረጃ ወርደው የሚገቡበት፣ ድንጋዩ እንደ ሳሙና በቀጥታ የተቆረጠ፣ ክፍል ክፍል ያለው እውነተኛ የምድር ውስጥ ሥራ ነው። ላሊበላ ደግሞ ወሬም አያስፈልጋት። አብያተ ክርስቲያናቱን የሚያገናኙ ዋሻዎች አሏት። በአንደኛው ምእመናን ያለ መብራት፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ያልፋሉ። ጨለማው የሲኦል ምሳሌ ነው፤ መውጫው የገነት።

ሌላም ምክንያት አለ። በአገራችን ከምድር በታች መደበቅ የኑሮ ዘዴ ነበር። ገበሬው እህሉን በጉድጓድ ያስቀምጣል። ጦር ሲመጣ ንዋየ ቅድሳት ወደ ዋሻ ይሸሻል። ጎንደር ደግሞ ጦር ያልጎበኛት ከተማ አይደለችም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተማዋን ዘረፏት፣ አቃጠሏት። እ.ኤ.አ. በ1888 ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ገብተው ከአርባ አራቱ ታቦት ከተማ አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹን በእሳት አጋዩ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተረፈችው ንብ ወጥቶ ወራሪውን ስላባረረ ነው ይባላል። ጣሊያን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ የጣሉት ቦምብ ግቢው ውስጥ ያለውን የታላቁ ኢያሱን ግምብ ጎዳው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፣ በ27ኛው ቀን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። እንዲህ ያለውን ሁሉ ያየ ሕዝብ ከእግሩ በታች ማምለጫ አለ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

እንግዲህ የት ይገባል?

ከፋሲል ግምብ ይጀመር። ቁመቱ 32 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ዓይን የሚወጣው ወደ ማማዎቹ ነው። እኔ የምለው ግን ወደ ምድር ቤቱ ግቡ ነው። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ እንደገቡ ዓይን ይጨልማል። ግድግዳው በጣም ወፍራም ነው። ብርዱ ከድንጋዩ ይወጣል። ትንሽ ቆም ብላችሁ ዓይናችሁ ሲለምድ በበሩ ራስጌ ላይ የተቀረጸው ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ፎቶ አንስቶ ብቻ ያልፈዋል። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም ይበቃዋል።

ቀጥሎ የታላቁ ኢያሱ ግምብ ነው። ይህ ግምብ መከራ አይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በኋላም የነገርኳችሁ ቦምብ። ጣሪያው የለም። ነገር ግን ምድር ቤቱ ውስጥ እንደ ዋሻ የተቆለመመ ጣሪያ ያለው ክፍል አለ። እዚያ ቆሞ ወደ ላይ ላየ ሰው፣ ድንጋዮቹ ያለ ምሰሶ እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙበትን ጥበብ ያያል። ወሬውን የሰማ ልጅ እዚህ ሲገባ "አገኘሁት!" ማለቱ አይቀርም። እኔ ብያለሁ።

ከዚህ ሌላ የአንበሶቹ ቤትና የእንፋሎት መታጠቢያው አሉ። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ በመንገዳችሁ ላይ ስለሆኑ ጎራ በሉባቸው።

ውሃን የሚወድ ሰው ደግሞ ከከተማው መሃል 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ወደ ፋሲል መዋኛ ይውረድ። ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ባዶ የሆነ ትልቅ ገንዳ ነው። የዋርካ ሥር አጥሩን እንደ እጅ ጣት ጨምድዶ ይዞታል። ድንጋዩ የቱ ጋ አልቆ ሥሩ የቱ ጋ እንደሚጀምር ለመለየት መንካት ያስፈልጋል። ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ የተጠለፈው ውሃ በቦይ ይመጣና ገንዳው ይሞላል። የጎንደር ጥበበኞች መሬቱን ቆፍረው የሠሩት ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ለእኔ ይህ ነው። ከተሠራ ስንት መቶ ዓመት አልፎት፣ በየዓመቱ ጥር 11 ዛሬም ሥራውን ይሠራል። የጥምቀት በዓል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ለጎብኚ ጥቂት ምክር

አጥር ሥር ወይም ፍርስራሽ መሃል ክፍት ጉድጓድ ብታዩ አትግቡ። ልቅ ድንጋይ ይናዳል፤ እባብም የሌሊት ወፍም አለ። መንገድ ላይ "ምስጢር ዋሻውን ላሳያችሁ" የሚል ሰው ቢመጣ በትሕትና እለፉት። አስጎብኚ ከግቢው በር ላይ ባጅ ያላቸውን ያዙ፤ ዋጋውን ከመነሻው ተስማሙ። ስለ ምድር ውስጥ መንገዱም ጠይቋቸው፤ እያንዳንዱ የሰማውን ይነግራችኋል። ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው፣ መብራቱ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ሴቶች ነጠላ ያዙ፤ ጫማ ለሁሉም ይወልቃል።

ቁስቋምን ለመጨረሻ አቆይቻታለሁ። ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ በተራራው ጥግ ላይ ነች። እቴጌ ምንትዋብ ከግቢው ርቀው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን የሠሩባት ቦታ ናት። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ የተቀመጠው በዚሁ በቁስቋም ነበር። ዛሬ ግምቡ አብዛኛው ፍርስራሽ ነው፤ ሣር በቅሎበታል፣ ወፍ ይጮኽበታል። ጎብኚም ጥቂት ነው።

እዚያ ትንሽ ጠባብ ክፍል አለች። ባለፈው ስሄድ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ቁልፍ ይዘው መጡ። በሩ ዝቅተኛ ነው። "ጎንበስ በል ልጄ፣ ራስህን" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ጧፍ ለኮሱ። ብርሃኑ መጀመሪያ የወደቀው መስተዋት ላይ ነው። ከመስተዋቱ ጀርባ፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ የሦስት ሰዎች አጽም ተቀምጧል፦ የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱ፣ የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ። ልጁ በወጣትነቱ ሞተ። የልጅ ልጁን ራስ ሚካኤል ስሑል እ.ኤ.አ. በ1769 አስገደሉት። አያቲቱ ሁለቱንም ቀብረው ጥቂት ዓመት ቆዩ። አሁን ሦስቱም አብረው ናቸው። ቄሱ ምንም አላሉም። ጧፉን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሁሉንም በደንብ እንዳይ ጠበቁኝ።

ለመግባት ከቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች አንዱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቁልፉ ያለበት ካህን ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ጠዋት ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ከተማዋም ከታች ቁልጭ ብላ ትታያለች። ለመመለስ ከአስፋልቱ ላይ ባጃጅ አይጠፋም።